ስለ ልጆች የጨዋታ መኪናና ስለ ገንዘብ አያያዝ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደውን መንገድ ይዞ፥ በሆለታ፥ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ እስከ አምቦ፥ ከዚያም እስከ ጉደርና እስከ ጌዶ የሚሄድ መንገደኛ፥ በየከተማው ከሱቆች መካከል መጋረጃ የተጋረደባት አንዲት ጠባብ ክፍል ማየቱ አይቀርም። ከውስጧ የልጆች ጩኸትና ሳቅ ይሰማል። ልጆቹ ጌም ቤት ወይም ፕሌይስቴሽን ቤት የሚሏት ይህች ናት። ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን ተደርድሮ፥ በየፊቱ ሁለት ሁለት ልጆች ጆይስቲክ የሚባለውን መያዣ ጨብጠው በመስተዋቱ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። የተሸነፈው ከፍሎ ይነሣል፤ ተራ ጠባቂውም በቦታው ይተካል።

በየመሥሪያ ቤቱ የምታገለግሉ ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ፥ «አባባ፥ ለእኛም አንድ ይግዙልን» የሚል ልጅ በደጅ ያልጠበቀው አባት ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። ልጁን ከጌም ቤት ለማስቀረት ሲል በብድርም ቢሆን የሚገዛ አባት አለ፤ «ከቶ በቤቴ አይገባም» ብሎ የሚቈጣም አለ። ሁለቱም መልስ በችኮላ የተሰጠ ነው። ሦስተኛው መንገድ፥ ልጁ ራሱ ቈጥሮ፥ ራሱ አጠራቅሞ፥ ቤተ ሰቡም በልክ ረድቶት እንዲገዛ ማድረግ ነው። ስለ ጨዋታው ደግነትና ክፋት ሌሎች ብዙ ተናግረዋልና እኛ ስለ ገንዘቡ ብቻ እንጽፋለን።

የቀደሙት ሰዎች ጨዋታ ብዙ ወጪ አልነበረበትም። ለገበጣ መሬት ላይ የተማሰ ጉድጓድና ከወንዝ ዳር የተለቀመ ጠጠር ይበቃል። ለገና ጨዋታ ጫፉ የቈለመመ ዱላና ከእንጨት የተጠረበ ሩር ይበቃል። ሰንጠረዥም ቢሆን አንድ ጊዜ ከተጠረበ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የዛሬው መኪና ግን እንደ በቅሎ ነው፤ ከተገዛ በኋላ ቀለብ ይፈልጋል።

በቴሌቪዥን ላይ የሚጫወቱበት የቤት መኪና በመጀመሪያ ለገበያ የቀረበው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1972 ዓመት በአሜሪካ አገር ሲሆን ስሙም ኦዲሲ ይባል ነበር። ዛሬ በአገራችን ከሁሉ ይልቅ ስሙ የታወቀው ፕሌይስቴሽን ግን ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1987 ዓ.ም. ያወጣው ነው። ሁለተኛው በ1992፥ ሦስተኛው በ1999፥ አራተኛው በ2006፥ አምስተኛው በ2013 ዓ.ም. ወጣ። ስለዚህ ለማጠራቀም ስድስትና ሰባት ዓመት የሚፈጅበት ልጅ፥ ገንዘቡ ሲሞላለት የተመኘው መኪና አሮጌ ሆኖ ይቈየዋል።

ቀድሞ እንዲህ ያለው ዕቃ ዓመት በጨመረ ቍጥር ዋጋው ይወርድ ነበር። ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን ሳንቲሙን ትተን በአሜሪካ በ300 ዶላር መሸጥ ጀምሮ፥ በ2001 ዓ.ም. 100 ዶላር ደርሷል። እንግዲህ «ታገሥ፥ ይረክሳል» ብሎ ልጅን መምከር የሚያስመሰግን ነበር። አምስተኛው ግን በ500 ዶላር ወጥቶ፥ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፥ በነሐሴ ወር 2017 ዓ.ም. በዚያው በአሜሪካ 550 ዶላር ሆነ። ዕቃው እያረጀ ዋጋው ወጣ ማለት ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ከዕቃው ዋጋ ይልቅ የገንዘቡ ምንዛሪ ይበረታል። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ነበር። በዚያው ወር በ22ኛው ቀን ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ስለዚህ 500 ዶላር፥ ቀድሞ 28,500 ብር የነበረው፥ ከ50,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ይህም ቀረጡ፥ የማስጫኛውና የመርካቶ ነጋዴ ትርፍ ሳይጨመርበት ነው። አሁን በአምቦ የሚኖር አንድ ተማሪ እናስብ። 28,500 ብር ለመሙላት ተነሥቶ፥ በብዙ ድካም 20,000 ብር አድርሷል። በሐምሌ መጀመሪያ የቀረው 8,500 ብር ነበር። በነሐሴ መጨረሻ ግን 30,000 ብር ቀረው። ልጁ ከተነሣበት ቦታ ይልቅ ራቀ።

ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እውነት ነው። ዳሩ ግን እንቍላሉ እግር እስኪያወጣ ድረስ ዋጋው ክንፍ ያወጣበት ዘመን መጥቷልና፥ የማጠራቀሙን ዘዴ እንደ ዘመኑ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ብዙ አባቶች በልጃቸው ስም በባንክ የቍጠባ ሒሳብ ይከፍታሉ። ይህ ገንዘብን ከእጅ ለማራቅ ደግ ነገር ነው፤ ባንክም ቢያንስ ከመቶ 7 ወለድ ይከፍላል ብለን በዚህ ልማድ እንቍጠር። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. በአገራችን የዕቃ ዋጋ ዕድገት በዓመት ከመቶ 30 በላይ ሆኖ ነበር። በዚያ ዓመት 10,000 ብር ያስቀመጠ ሰው፥ ግብሩ ሳይነሣለት፥ 10,700 ብር አገኘ፤ በ10,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 13,000 ብር አለፈ። ባንኩ ገንዘቡን ከሌባና ከልጁ ከራሱ እጅ ይጠብቅለታል እንጂ ከዋጋው አይጠብቅለትም። እንግዲህ ረጅም ቍጠባ ለእንዲህ ያለው ነገር አይመችም፤ ጊዜውን ማሳጠር ነው ዋናው ነገር።

ጊዜውን ለማሳጠር አስቀድሞ ወጪውን በሙሉ ማወቅ ይገባል። ልጅ የሚያስበው የመኪናውን ዋጋ ብቻ ነው። በ100 ብር ምንዛሪ ብናስብ፥ መኪናው 50,000 ብር ነው። ከወንድም ጋር ለመጫወት ሁለተኛ ጆይስቲክ ሲያስፈልግ፥ እርሱ በወጣበት ዋጋ 70 ዶላር፥ ማለት 7,000 ብር ነው። አንድ አዲስ ጨዋታ ደግሞ እንዲሁ 70 ዶላር፥ ሌላ 7,000 ብር ነው። ድምሩ 64,000 ብር ሆነ። የመብራት ኃይል ከፍና ዝቅ ሲል መኪናው እንዳይቃጠል የሚጠብቀው ስታቢላይዘርም አለ። የኳሱ ጨዋታም፥ እስከ 2015 ዓ.ም. ፊፋ በሚባለው ስም ይወጣ የነበረው፥ ዛሬ ሌላ ስም ቢሰጠውም ልጆች አሁንም ፊፋ የሚሉት፥ በየዓመቱ አዲስ ሆኖ ይወጣል። አባት በዚህ ጊዜ «የዓመቱን ሁሉ አልገዛም፤ በሦስት ዓመት አንድ» ብሎ ከመጀመሪያው ቢነግር፥ በኋላ ከሚመጣው ጭቅጭቅ ይድናል።

በወር 1,000 ብር የሚያስቀምጥ ልጅ 64,000 ብር የሚሞላለት በ64 ወር ነው፤ አምስት ዓመት ከአራት ወር መሆኑ ነው። ይህን ሲሰማ ልጁ ደብተሩን ዘግቶ ወደ ጌም ቤት ይሄዳል። ይሂድ፤ ግን እዚያ የሚከፍለውን ለአንድ ወር ይጻፍ። አንድ ጨዋታ 10 ብር ነው እንበል። በቀን ሦስት ጊዜ የሚጫወት ልጅ በቀን 30 ብር፥ በወር 900 ብር ያወጣል። እንግዲህ የለኝም ያለው 1,000 ብር ከሞላ ጐደል በእጁ አለ፤ ዐሥር ዐሥር ብር እየሆነ በመጋረጃው ሥር ይንጠባጠባል።

ይህን ስንል የጌም ቤቱን ባለቤት ለመንቀፍ አይደለም። እርሱም ብዙ ጊዜ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያጣ ጐልማሳ ነው፤ ሒሳቡንም ከእኛ ይልቅ ያውቃል። 50,000 ብር ያወጣበት መኪና ዋጋውን የሚመልሰው በ10 ብር ሒሳብ 5,000 ጨዋታ ሲጫወቱበት ነው። በቀን 50 ጨዋታ ቢያገኝ 100 ቀን ይፈጅበታል፤ ኪራይና መብራት ከዚያ በላይ ነው። መብራት በጠፋ ቀን አንድም አያገኝም። ልጅህ ገንዘብን መቍጠር እንዲማር የምትሻ አባት፥ ከዚህ ጐልማሳ አጠገብ አንድ ሰዓት አስቀምጠህ የገቢ መዝገቡን ቢያሳየው ከብዙ ምክር ይሻላል።

ገቢን በተመለከተ፥ የቡሄና የእንቍጣጣሽ ሳንቲም፥ ዘመድ በበዓል የሚሰጠው፥ የመነሻ ገንዘብ ይሆናል። በክረምት ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ሥራ አይጠፋም፤ ሱቅ መጠበቅ፥ የታናናሽ ተማሪዎችን ትምህርት ማስጠናት፥ በአምቦ ገበያ ዕቃ ማውረድና መጫን አለ። የሹም ልጅ ግን በዚህ ያፍራል። አባቱም አንዳንድ ጊዜ ከልጁ ይልቅ ያፍራል። ልጁ በላቡ 3,000 ብር ሲያመጣ ከማፈር ይልቅ አባቱ ሌላ 3,000 ብር ቢጨምርለት፥ የገንዘቡም የሥራውም ክብር ይታወቀዋል። ሳይሠራ ለጠየቀ ሁሉ የሚሰጥ አባት ግን ስጦታውን ግብር ያደርገዋል።

ጊዜን ለማሳጠር ከሁሉ የሚበልጠው የአገራችን ዘዴ ዕቁብ ነው። ዐሥራ ስድስት ሰዎች በወር 4,000 ብር ቢጥሉ የየወሩ ዕጣ 64,000 ብር ይሆናል። ዕጣው በመጀመሪያው ወር የወጣለት አባት መኪናውን በዛሬው ዋጋ ይገዛል፤ በዐሥራ ስድስተኛው ወር የደረሰው ግን በዚያን ጊዜ ዋጋ ይገዛል። ዋጋ በሚወጣበት ዘመን የዕቁብ መጀመሪያና መጨረሻ እኩል አይደለም። ስለዚህ የደረሰው ሰው ዕጣውን ለቸገረው መስጠቱ ወይም መሸጡ የተለመደ ነው። ነገር ግን ከመምህር ወይም ከጸሐፊ ደመወዝ ላይ በወር 4,000 ብር ማንሣት ቀላል ስላይደለ፥ ለመጫወቻ ተብሎ ብቻ ዕቁብ መግባት አይገባም። የቤቱ ጣራና የክረምቱ ልብስ በሚታሰብበት ዕቁብ ውስጥ፥ የልጁም ድርሻ በልጁ ገንዘብ እየተጣለ ቢገባ ግን ያምራል። ዋስ የሚሆነው አባቱ ነው፤ ልጁም አንድ ወር ቢያጓድል የአባቱ ስም እንደሚነሣ ያውቃል።

የገበሬው ደቦ የአንዱን ጤፍ በአንድ ቀን እንደሚያጭድ፥ ልጆችም አራት ሆነው ቢያዋጡ 64 ወር የነበረው 16 ወር ይሆናል። ይህ መንገድ በልጆች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ጠብም የሚመጣው ከዚሁ ነው። በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ላይ ስለምንገኝ ሰዎች ምክር ይጠይቁናል፤ በአምቦ መንገድ ካሉት ከተሞች ባንዲቱም የሆነውን እንናገራለን።

አራት የጎረቤት ልጆች እያንዳንዳቸው 7,000 ብር አዋጥተው፥ ያገለገለ አራተኛውን ፕሌይስቴሽን በ28,000 ብር ገዙ። መኪናው በየሳምንቱ ከቤት ወደ ቤት ይዘዋወር ነበር። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ የአንዱ አባት ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ፤ ልጁም ድርሻዬን ስጡኝ አለ። ሦስቱ «7,000 ብርህን ውሰድ» አሉት። እርሱ ግን «እንዲህ ያለው መኪና ዛሬ 48,000 ብር ይሸጣል፤ ሩቡ 12,000 ነው» አለ። ሦስቱም ክፉ ልጆች አልነበሩም፤ 12,000 ብር አልነበራቸውም። ነገሩ ከልጆቹ አልፎ ወደ እናቶች ደረሰ፤ ሁለት ቤቶችም ለጥቂት ጊዜ ቡና መጠራራት ተዉ። በሕግ የጋራ ንብረት የሆነ ዕቃ፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ፥ የባለድርሻዎቹ ድርሻ እኩል ነው ተብሎ ይገመታል። አንዱ ልካፈል ሲል፥ ዕቃው የማይቈረስ ከሆነ ተሽጦ ዋጋውን ይካፈላሉ። ስለዚህ የልጁ ሒሳብ ትክክል ነበር። ሽማግሌዎች ግን መኪናው ከተሸጠ አራቱም ባዶ እጃቸውን እንደሚቀሩ አይተው፥ ልጁ 9,000 ብርና ሁለተኛውን ጆይስቲክ ይዞ እንዲሄድ ወሰኑ። እኛ ብንሆን 1,000 ብር እንጨምርለት ነበር።

ልጆች እንዲህ ከማዋጣታቸው በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ልጅ የሚገባው ውል በሕግ ፊት ጽኑ ስላይደለ አባቶችም ይፈርሙበት። በወረቀቱ ላይ ማን ስንት እንዳዋጣ፥ አንዱ ሲለይ ድርሻው በተገዛበት ዋጋ ወይስ በዕለቱ ዋጋ እንደሚታሰብ፥ በስንት ጊዜ እንደሚከፈለው፥ ሲበላሽም ጥገናውን በእጁ የነበረው ብቻ ወይስ ሁሉም እንደሚከፍሉ ይጻፍ። ያገለገለ መኪና ሲገዙም፥ ገንዘቡ ከመቈጠሩ በፊት በቴሌቪዥን ላይ አንድ ሙሉ ጨዋታ ይጫወቱበት። ሲዲውን ያነበበ እንደ ሆነ፥ ሁለቱም ጆይስቲኮች የታዘዙትን የሚሠሩ እንደ ሆነ፥ ማራገቢያው ሲሞቅ የማይጮኽ እንደ ሆነ ይታይ። ሻጩም የራሱን የምሥጢር ቍልፍ ከመኪናው ላይ በፊታቸው ያጥፋ። በወረቀቱ መጨረሻ ደግሞ፥ እናቶች ይህ እንዳይረሳ አደራ ብለውናልና፥ በፈተና ሰሞን መኪናው በማን ቤት፥ በየትኛው ሣጥን ተቈልፎ እንደሚቀመጥ ይጻፍ።