የጃንጎ አድሚን በካርድ ክፍል

ጃንጎ የተባለው የድረ ገጽ መገንቢያ ፍሬምወርክ ከእያንዳንዱ ፕሮጀክት ጋር የሚያቀርበው የአስተዳደር ገጽ፣ በባለሙያዎቹ አጠራር አድሚን፣ የተወለደው ጋዜጣ ቤት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 መገባደጃ አድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት በሚታተመው ላውረንስ ጆርናል ወርልድ ይሠሩ ነበር። የጋዜጣውን ድረ ገጾች በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ሲገነቡ፣ ዘጋቢዎች ኮድ ሳይነኩ ጽሑፍ የሚያስገቡበት ፎርም ያስፈልግ ነበርና አድሚኑ ከዚያ ፍላጎት መጣ። ፍሬምወርኩ በጁላይ 2005 ኦፕን ሶርስ ሆነ። ዊልሰን ማይነር የነደፈው የመጀመሪያው መልክ ለዓመታት ከቆየ በኋላ በዲሴምበር 2015 የወጣው እትም 1.9 በጠፍጣፋ ንድፍ ተካው። 2.0 ገጹን ለስልክ ስክሪን አመቸው፣ 3.1 የጎን ሜኑ ጨመረ፣ 3.2 ደግሞ ጥቁር ገጽታ አመጣ።

በእነዚህ ዓመታት የተለወጠው በአብዛኛው መልኩ ነው። ስለ ሰው ስም፣ ስለ ቀንና ስለ ሰዓት የያዘው ግምት እንደነበረ ቀርቷል። አዲስ አበባ ላይ አድሚንን እንደገና የሚነድፍ ባለሙያ ከቀለሙና ከአርማው በፊት መመርመር ያለበት እነዚያን ግምቶች ነው።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሳሪስና ከጎፋ እስከ ጀሞና ለቡ ባሉት ሰፈሮች መዝገቡን በጃንጎ ያሠራ አንድ መካከለኛ ክሊኒክ ቢኖር ለምሳሌነት ይበቃል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካርድ ክፍሉ ፊት ሰልፍ አለ። ታካሚው ካርድ ቁጥሩን ይሰጣል፤ ካርዱን ረስቶ ከመጣም ስሙንና ስልኩን ይናገራል። መዝጋቢዋ የምትፈልገው ማኅደሩን ቶሎ ማግኘት ብቻ ነው። አድሚኑ ሲከፈት ግን የሚያሳያት የሰንጠረዦች ዝርዝር ነው፦ ቡድኖች፣ ተጠቃሚዎች፣ ሌሎችም በፊደል ተራ። ዳታቤዙን ለሠራው ሰው ይህ ግልጽ ነው፤ ለእርሷ ግን በየቀኑ ያለ ምክንያት የምታልፈው ትርፍ በር ነው። የመጀመሪያው ገጽ መፈለጊያ ሳጥኑንና የዕለቱን ተራ ጠባቂዎች በቀጥታ እንዲያሳይ ማድረግ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ከሌላው ማሻሻያ ሁሉ ቀድሞ መደረግ ያለበትም እርሱ ነው።

የሚከብደው ፍለጋው ነው። መፈለጊያው የተጻፈለትን ፊደል በፊደል ያመሳክራል። ፀሐይ ተብላ የተመዘገበች ታካሚን በሚቀጥለው ወር ሌላ መዝጋቢ ጸሀይ ብላ ብትፈልጋት አትገኝም። አዲስ ካርድ ይወጣላታል፤ የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማት የተጻፈው ማስታወሻም በአሮጌው ማኅደር ተቀብሮ ይቀራል። ሁለቱ ጸና ፀ ከሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ጋር ሲጣመሩ ይህ አንድ ስም ብቻ በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ገብረ ማርያም ሲሆን ደግሞ ገብረማርያምና ገ/ማርያም ይጨመራሉ።

ለዚህ የሚበጀው በሰንጠረዡ ላይ አንድ ስውር ዓምድ መጨመር ነው። ማኅደሩ በተቀመጠ ቁጥር ስሙ ወደ ወጥ ቅርጽ ተቀይሮ እዚያ ይጻፋል፤ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ፣ ክፍተቱ ይወጣል፣ ገ/ ወደ ገብረ፣ ወ/ ወደ ወልደ ይዘረጋል (ወ/ሮ የሚለው ማዕረግ ግን አስቀድሞ መለየት አለበት)። መዝጋቢዋ የምትጽፈውም ለዚያው ደንብ ይገዛል። ጃንጎ የፍለጋውን ውጤት የሚወስነውን ክፍል በራስ ኮድ ለመተካት ይፈቅዳል፤ ስለዚህ የፍሬምወርኩን ውስጥ መነካካት አያስፈልግም። ስክሪኑና ደረሰኙ ላይ የሚወጣው ስም ግን ባለቤቱ እንደሚጽፈው መቆየት አለበት። ኃይሉ ብሎ የሚፈርም ሰው ለፕሮግራሙ ምቾት ሲባል ሀይሉ ሊደረግ አይገባም።

ስውሩ ዓምድ ለአደራደርም ይጠቅማል። በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ የገባው የግዕዝ ፊደል ተራው የሀለሐመ ነው፤ ሐ ከለ በኋላ፣ ኀ ከዚያ ርቆ ስለሚመጣ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ስሞች በዝርዝሩ ላይ ይበታተናሉ። ከጃንጎ ጋር አብሮ የሚመጣው የተጠቃሚዎች ሰንጠረዥ ደግሞ ስምንና የቤተሰብ ስምን ብቻ ያውቃል። በቤተሰብ ስም የተደረደረ ዝርዝር እዚህ ሰዎችን በአባታቸው ስም ይደረድራል፤ ማንም እንዲያ ብሎ አይፈልግም። ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ሦስት ዓምድ ሆነው ተራው በራስ ስም መሆን አለበት።

የቀን ጉዳይ ከስሙ እኩል ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዳታቤዙ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መቆየት አለበት፤ ልወጣው የሚደረገው ፎርሙና ዝርዝሩ ላይ ብቻ ነው። ፓይተን አሥራ ሦስተኛ ወር አይቀበልምና ጳጉሜን በራሱ ቀን ዓይነት ማስቀመጥ አይቻልም። ቋሚ ልዩነት የሚቀንስ መለወጫም ይሳሳታል፦ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። ጳጉሜ ስድስት ቀን ስትሆን የሚመጣው የአንድ ቀን መዛነፍ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይቆያል፤ ስህተቱ በበጋ ካልተፈተሸ ለዓመታት ሳይታይ ሊኖር ይችላል። ከዝርዝሩ በላይ የሚቀመጠው የወር ማጣሪያም በፈረንጅ ወር ስለሚከፋፍል ለወር ሪፖርት አይሆንም። በምትኩ ሐምሌን ሲመርጡ ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ያለውን የሚያወጣ፣ በጀት ዓመቱንም ከሐምሌ 1 የሚጀምር ማጣሪያ ይሠራል። የሰዓት መሙያው ከሚያቀርባቸው አቋራጮች መካከል የጠዋቱና የማታው ስድስት ይገኙበታል። እዚህ ስድስት ሰዓት ቀትር ወይም እኩለ ሌሊት ስለሆነ አቋራጮቹን ማስወገድ ይሻላል። የልደት ቀን ላይ ደግሞ ሙሉ ቀን ማስገደድ ጎጂ ነው። ብዙ አዛውንቶች የሚያውቁት ዕድሜያቸውን ብቻ ነው፤ ፎርሙ ከጨከነ መዝጋቢዋ ለሁሉም መስከረም 1 ትሞላለች። ዓመቱንና ግምት መሆኑን የሚገልጽ ምልክት መቀበል የበለጠ እውነት ይይዛል።

በኮድ ውስጥ የተጻፉ ዝርዝሮች ቶሎ ያረጃሉ። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. አሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ አሥሩን ብቻ የያዘ ምርጫ የነዋሪዎቹን አድራሻ መመዝገብ አይችልም ነበር። በ2015 መጀመሪያ ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች መጡ፤ 09ን ብቻ የሚቀበል ፎርም ትክክለኛውን ስልክ ስህተት ይለዋል። እንዲህ ያሉ ነገሮች በሰንጠረዥ ቢቀመጡ የክሊኒኩ ኃላፊ ራሷ ታስተካክላቸዋለች።

አንድ ምርመራ ሲመዘገብ ታካሚውን የሚያስመርጠው ሳጥን በነባሪነት ሁሉንም ስሞች ይጭናል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ማኅደሮች ሲኖሩና ኔትወርኩ ሲዘገይ ገጹ አይከፈትም። ከ2.0 ጀምሮ እየተየቡ የሚመርጡበት ሳጥን ስላለ እርሱን ማብራት በቂ ነው። አድሚኑ አስቀምጥ እስኪባል ምንም አይጽፍምና መብራት ሲጠፋ ረጅም ፎርም እንዳለ ይጠፋል፤ ስለዚህ ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታና ስልክ አስቀድመው ይቀመጣሉ፣ የቀረው በሌላ ገጽ ይሞላል። የተመረጡትን በአንዴ የሚያጠፋው ትእዛዝ ከካርድ ክፍል መነሣት አለበት። ከ2.1 ወዲህ የማየት ብቻ ፈቃድ ስላለ፣ ማኅደሩን አይቶ የሚያስከፍለው ገንዘብ ተቀባይ ለመለወጥ ፈቃድ አያስፈልገውም።

እነዚህ ሁሉ ሲሠሩ የፍሬምወርኩን ቴምፕሌቶች ሙሉ በሙሉ ገልብጦ ማሻሻል ያጓጓል። ያ ግን በሚቀጥለው እትም ገጹን ይሰብራል፤ የተገለበጠው ፋይል እንደቆመ ዋናው ይለወጣልና። ቴምፕሌቶቹ በብሎክ የተከፋፈሉ ስለሆነ የሚያስፈልገውን ብሎክ ብቻ መተካት፣ ቀለምና የፊደል መጠንን በተለየ የሲኤስኤስ ፋይል ማስቀመጥ ይቻላል። መጠኑን መጨመር ግድ ነው፤ የዝርዝሩ 13 ፒክሰል ለላቲን ፊደል ይበቃ ይሆናል፣ ሱን ከሲ ለመለየት ግን ዓይን ያደክማል።