ወቃሪው ማሽን፦ የቤት ሲኤንሲና የሌዘር መቁረጫ ትውውቅ

የሰው እጅ ከጥሬ ነገር ዕቃ የሚያወጣበት መንገድ በጥቅሉ ሁለት ነው፤ አንደኛው ጭቃ በጭቃ ላይ እየጨመረች ጀበና እንደምታቆም ሸክላ ሠሪ በመጨመር የሚሠራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ትርፉን እያነሱ የሚፈለገውን በማስቀረት የሚሠራ ነው። አማርኛ ለዚህ ለሁለተኛው ሥራ «መውቀር» የሚል ቃል አለው። የለሰለሰ የወፍጮ ድንጋይ እህል ማድቀቅ ሲሳነው እየመቱ መልሶ ማሻከር መውቀር እንደሚባል ሁሉ፣ አለት ፈልፍሎ ሕንጻ ማውጣትም መውቀር ነው፤ ከሰቆጣ ከተማ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን «ውቅር መስቀለ ክርስቶስ» የሚል ስም የያዘውም ከዚሁ ሥር ነው። በውቅር ሥራ አንድ ጊዜ የተነሣ ፍላጭ ተመልሶ አይለጠፍምና፣ ጠቢቡ ምን እንደሚያስቀር ከመምታቱ በፊት ማወቅ ግድ ይለዋል። ዛሬ በመኖሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ሲኤንሲና የሌዘር መቁረጫ አዲስ ይምሰሉ እንጂ ወገናቸው ከዚሁ ከመውቀር ነው፤ የሚገዛቸውም ይኸው ሕግ ነው።

ሲኤንሲ የሚለው ስም ከእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተወሰደ ሲሆን፣ በኮምፒውተር አማካይነት በቁጥር የሚታዘዝ መሣሪያ ማለት ነው። የሐሳቡ ምንጭ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የሄሊኮፕተር ተሽከርካሪ ክንፍ ኩርባን በትክክል ማውጣት ያስቸገረው አሜሪካዊው ጆን ፓርሰንስ ነው፤ ኩርባውን ወደ ብዙ ነጥቦች ከፍሎ የእያንዳንዱን ነጥብ ቦታ በቁጥር ማስላት ጀመረ፤ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምም ይህንኑ አዳብሮ በ1952 እ.ኤ.አ. ትእዛዙን ከተበሳ ጥብጣብ እያነበበ ብረት የሚፈለፍል ማሽን ለእይታ አቀረበ። ለዐሥርተ ዓመታት የትላልቅ ፋብሪካዎች ብቻ ሆኖ የቆየው ይህ ጥበብ ወደ መኖሪያ ቤት የገባው ሁለት ነገሮች ከረከሱ በኋላ ነው፤ አንደኛው በ2005 እ.ኤ.አ. በጣሊያን የተጀመረው አርዱይኖ የተባለ አነስተኛ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ሲሆን፣ ሁለተኛው በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣውና በዚያው ሰሌዳ ላይ የሚጫነው ግርብል የተባለ፣ ማንም በነጻ ወስዶ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ነው።

የማሽኑ አሠራር ከስሙ ይልቅ ቀላል ነው። የሚሽከረከረው ስለት በሦስት አቅጣጫዎች፣ ማለትም በግራና ቀኝ፣ በፊትና ኋላ፣ በላይና ታች ይንቀሳቀሳል፤ እያንዳንዱን አቅጣጫ የሚነዳው ሞተር ደግሞ እንደ ተራ ሞተር ዝም ብሎ የሚዞር ሳይሆን በእርምጃ የሚዞር ነው። በተለመደው ዓይነት ሞተሩ አንድ ሙሉ ዙር የሚጨርሰው በ200 እርምጃ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ጥርስ ያለው ዘንግ በአንድ ዙር 8 ሚሊ ሜትር የሚገፋ ከሆነ፣ አንዱ እርምጃ ስለቱን 0.04 ሚሊ ሜትር ብቻ ያንቀሳቅሳል ማለት ነው። ትእዛዙ ጂ-ኮድ በሚባል ቋንቋ ይጻፋል፤ ለምሳሌ «ጂ1 ኤክስ50 ዋይ20 ኤፍ300» የሚለው መስመር «በደቂቃ 300 ሚሊ ሜትር እየተጓዝክ ከመነሻው ነጥብ 50 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ፣ 20 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ወዳለው ቦታ በቀጥታ ሂድ» እንደማለት ነው። ሠሪው እነዚህን መስመሮች በእጁ አይጽፋቸውም፤ ኢንክስኬፕ ወይም ፍሪካድ በመሳሰሉ ነጻ ፕሮግራሞች ሥዕሉን ይሥላል፤ ሥዕሉን ወደ ስለት መንገድ የሚለውጠው ኮምፒውተሩ ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ስለቱ ራሱ ውፍረት እንዳለው በመዘንጋት ነው። 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ስለት ከ3 ሚሊ ሜትር የጠበበ ቦይ ሊያወጣ አይችልም፤ የውስጥ ማዕዘንንም 1.5 ሚሊ ሜትር በሚሆን ቅስት አዙሮ ይተወዋል እንጂ ቀጥ አድርጎ አይሰብረውም። በመሆኑም በመስቀል ላይ የሚታየውን የተጠላለፈ ሐረግ በማሽን የሚቀርጽ ሰው ማዕዘኑን የሚያጠራው ዞሮ ዞሮ በመሮ ነው። ፍጥነቱም በስሌት እንጂ በግምት አይወሰንም፤ በደቂቃ 10,000 ጊዜ የሚዞር ባለ ሁለት ጥርስ ስለት በእያንዳንዱ ጥርስ 0.05 ሚሊ ሜትር እንዲነሣለት ከተፈለገ፣ በደቂቃ አንድ ሜትር መጓዝ ይኖርበታል። ከዚህ እጅግ ቢዘገይ ስለቱ ከመቁረጥ ይልቅ እንጨቱን እያሸ ያቃጥላል፤ እጅግ ቢፈጥን ደግሞ ይሰበራል። የሚቆረጠው ጣውላ በቡሎን ወይም በሞርሳ በደንብ ካልታሰረም ስሌቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የሌዘር መቁረጫ ስለት የለውም። ስሙ ቆዳን ከሚያመለክተው «ሌዘር» ጋር በአማርኛ በድምፅ ቢገጥምም ትርጉሙ ሌላ ነው፤ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው፣ በአንድ አቅጣጫ የሚጓዝና በምስሪት ወደ አንዲት ጠባብ ነጥብ ሊሰበሰብ የሚችል ብርሃን ማለት ነው። የመጀመሪያውን ሌዘር ቴዎዶር ማይማን በ1960 እ.ኤ.አ. ሠራ፤ ዛሬም በመቁረጥ ሥራ ላይ ያለውን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራውን ዓይነት ደግሞ በትውልዱ ሕንዳዊ የሆነው ኩማር ፓቴል በ1964 እ.ኤ.አ. አስገኘ። በቤት ማሽኖች ዘንድ ሁለቱ የታወቁት ይኸው የጋዙ ዓይነትና ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው ርካሹ የዳዮድ ዓይነት ናቸው። የዳዮዱ ጨረር ጠቆር ያለ ቆዳንና ኮምፔንሳቶን ሲቆርጥ፣ ጥርት ያለውን አክሪሊክ ፕላስቲክ ግን ብርሃን በመስኮት እንደሚያልፍ ሳይነካው ያልፋል፤ የጋዙ ጨረር በዓይን ባይታይም ያንኑ አክሪሊክ በጠራ ጠርዝ ይቆርጣል።

ፊደል በሌዘር ቆርጦ ማውጣት ለአማርኛ ጸሐፊ የራሱ ፈተና አለው። ከጣውላ ላይ ፊደሉ ተቆርጦ ባዶ እንዲሆን፣ በክፍተቱም ቀለም እንዲነፋበት ቢታሰብ፣ «ወ»፣ «ቀ»፣ «ዐ» እና «መ» የመሳሰሉት በውስጣቸው የተዘጋ ክብ ስላላቸው፣ ዙሪያው ሲቆረጥ የውስጡ ቁራጭ የሚይዘው አጥቶ ይወድቃል፤ «ወ» ሁለት ክብ፣ «መ»ም እንዲሁ ሁለት ክብ ያጣሉ። ስለዚህ ንድፍ አውጪው የውስጡን ክብ ከውጪው ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ድልድይ አስቀድሞ በሥዕሉ ላይ ይተዋል። ድልድዩ የት ቢሆን የፊደሉን መልክ እንደማያበላሽ መወሰን የማሽኑ ሳይሆን የቁም ጽሕፈት ዕውቀት ያለው ሰው ድርሻ ነው።

ሰቆጣ ለምትገኝበት ለዋግ ኽምራ ደጋ እነዚህ ማሽኖች ምን ይሠራሉ ቢባል፣ ከጌጥ ይልቅ ቀፎ የተሻለ ምሳሌ ነው። አካባቢው በነጭ ማሩ የታወቀ ሲሆን፣ ፍሬም ያለው ዘመናዊ ቀፎ ግን ከባሕላዊው ይልቅ ለልኬት ስሕተት ትዕግሥት የለውም። አሜሪካዊው ላንግስትሮት በ1851 እ.ኤ.አ. እንዳስተዋለው፣ ንቦች ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን ክፍተት መተላለፊያ አድርገው ክፍት ይተዉታል፤ ከዚያ የጠበበውን በሙጫ ይደፍኑታል፤ የሰፋውን ደግሞ የማር እንጀራ ይሠሩበታል። በፍሬምና በቀፎው ግድግዳ መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተዛባ ፍሬሙ ተጣብቆ አልወጣ ይላል፤ ንብ አናቢውም እንጀራውን ለመስበር ይገደዳል። በፍሬም ፈንታ አግዳሚ እንጨት ብቻ ባለው በሽግግር ቀፎም ቢሆን የአፍሪካ ንቦች በእያንዳንዱ አግዳሚ ላይ አንድ እንጀራ ብቻ እንዲሠሩ የአግዳሚው ስፋት 32 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት።

በሰፊው የሚታወቀው 3018 የተባለው ትንሽ ሲኤንሲ እንደ ስሙ 30 በ18 ሴንቲ ሜትር ስፋት ብቻ ስለሚሠራ፣ 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የላንግስትሮት ፍሬም ጎን ይገባበታል፤ 48 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው የላይኛው አግዳሚ ግን አይገባበትም። ይህ ጉድለት የሚመስለው ነገር ወደ ጥሩ የሥራ ክፍፍል ያመራል፤ ማሽኑ ክፍሎቹን ሁሉ ከማውጣት ይልቅ አንድ ትክክለኛ ፎርማ ቢያወጣ፣ አናጺው ያንን ፎርማ እያስጠጋ በመጋዝና በመላጊያ መቶውንም አንድ ዓይነት አድርጎ ይሠራል፤ ፎርማው መብራት አይፈልግም፣ ከሰቆጣ ወደ ገጠር ቀበሌም በአህያ ጭነት መካከል ተጭኖ ይሄዳል።

ደጋው ራሱም በማሽኑ ላይ የሚጥለው ግዴታ አለ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል፤ የሳሳ አየር የጋለ ዕቃን በደንብ አያቀዘቅዝም፣ ከፍተኛ ቮልቴጅንም በደንብ አያግድም። ከ10,000 ቮልት በላይ የሚጠቀመው የጋዝ ሌዘር በዚህ ከፍታ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ከገመድ ወደ ብረት እንዳይዘል የሽቦ ግንኙነቱን ይበልጥ መሸፈን ያስፈልገዋል። መብራት በሥራ መካከል ሲቋረጥም፣ በእርምጃ የሚዞረው ሞተር የቆመበትን ቦታ የሚያስታውስበት መንገድ ስለሌለው፣ መነሻው ነጥብ አስቀድሞ በጣውላው ላይ በምልክት ካልተያዘ ሥራው ከዚያው ሊቀጥል አይችልም። ከሁሉ በላይ ሌዘሩ ዓይንን በቅጽበት ያጠፋል፤ ለሰማያዊው ጨረር የተሠራ መነጽር ከጋዙ ጨረር ለመጠበቅ የታመነ አይደለም። ፒቪሲ ፕላስቲክም የሚያወጣው ጭስ ከእርጥበት ጋር አሲድ ሆኖ ሳንባንና ማሽኑን አብሮ ስለሚበላ በሌዘር ፈጽሞ አይቆረጥም፤ እሳት ሊነሣ ስለሚችልም ሥራ ላይ ያለ ማሽን ብቻውን አይተውም።

ማሽኑ እጁን ያፈጥናል እንጂ አሳቢነትን አይተካም፤ በሥዕሉ ውስጥ ያለ ስሕተት በሙሉ ትክክለኛነት ተቀርጾ ይወጣልና። ለዚህም ነው የለመዱ ሠሪዎች አዲስ ሥራ ሲጀምሩ ስለቱን ከጣውላው ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርገው ሙሉውን መንገድ በባዶ አየር ላይ የሚያስኬዱት፤ በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማሽኑ አንዲት ፍላጭ ሳያነሣ፣ ሠሪው ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚሄድ ተቀምጦ ያያል።