ለማይረግጥ እግር ቤት ማሰናዳት

ታላቅ እህቴ የእግር ቀዶ ሕክምናዋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ክራንች ይዛ መጣች። ሐኪሟ «ዛሬውኑ ተለማመጂበት፤ ሕመም ላይ ሆኖ አይለመድም» ብለዋታል። ቀኝ እግሯን አንጠልጥላ ሳሎኑን ሁለት ጊዜ እንደዞረች ላብ አጠመቃት። እኔም ቤታችንን ያን ዕለት እንደ አዲስ አየሁት። የምንጣፉ ጠርዝ ተገልብጧል፤ ኮሪደሩን የውኃ ጄሪካኖች ይዘውታል፤ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ እርከን አለ። ያለነው ደግሞ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ሕክምናው የእግርን መገጣጠሚያ አጣብቆ አንድ አጥንት ማድረግ ነው። አንድ እግር ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ታች 26 አጥንቶች አሉት። በመካከላቸው ያለው ለስላሳ ሽፋን በዕድሜ፣ በድሮ ስብራት ወይም በበሽታ ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት እየተፋተገ እያንዳንዱ እርምጃ ያማል። መድኃኒቱም ልዩ ጫማውም አልበቃ ሲል ሐኪሙ የተረፈውን ሽፋን ጠርጎ ያወጣና አጥንቶቹን አገናኝቶ በብሎንና በብረት ያስራቸዋል። ክፍተት ካለ ከታካሚው ዳሌ ወይም ቅልጥም ቁራሽ አጥንት ተወስዶ ይሞላል። መገጣጠሚያው ከዚያ ወዲያ አይታጠፍም፤ ከመታጠፉ ጋር ይመጣ የነበረው ሕመምም ይቀራል። ከቁርጭምጭሚት በታች ያሉትን ሦስት መገጣጠሚያዎች በአንድ ጊዜ የማጣበቁን ስልት አሜሪካዊው ሐኪም ኤድዊን ራየርሰን በ1923 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። ስልቱ ፖሊዮ ላጣመመው እግር ብዙ አገልግሏል። እህቴም በልጅነቷ ፖሊዮ ይዟት ነበርና የተሠራላት እሱው ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። አጥንቱን የሚያጣብቀው ብሎኑ አይደለም። ብሎኑ ጨብጦ ይይዛል እንጂ ማጣበቁን የሚሠራው፣ የተሰበረ አጥንት እንደሚጠግነው ሁሉ፣ ራሱ ሰውነት ነው። ለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። በዚያ መካከል እግሩ ከተረገጠ አጥንቶቹ ይላወሳሉ፣ ብሎኑ ሊሰበር ይችላል፣ ሳይጣበቅ የቀረ አጥንትም እንደገና ቢላዋ ሥር ሊገባ ይችላል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጥንቱ ሳይጣበቅ የመቅረቱ ዕድል በእጅጉ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው ሳምንታት ቀደም ብሎ ማቆም አለበት። ስኳር ያለበትም ስኳሩን ቀድሞ ያስተካክል። ሐኪሙ የሚሠራው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ የቀረውን ለሳምንታት የሚሠራው ቤት ነው።

ክራንቹን ስትገዙ ጫፉ ላይ ያለውን ጎማ እዩ፤ ያለቀ ጎማ ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል። ቁመቱ የሚለካው ተቆሞ ነው፦ ከብብት በታች ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ክብደቱን የሚሸከመው መዳፍ እንጂ ብብት አይደለም፤ ብብቱ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ነርቩ ተጭኖ እጁ ይደነዝዛል። ሁለቱም እጅ ስለሚያዝ ደግሞ አንዲት ብርጭቆ ውኃ እንኳ ከኩሽና ወደ አልጋ ማምጣት አይቻልም። እህቴ በትከሻ የምትንጠለጠል ቦርሳ ሰፋች፤ ፔርሙዟ፣ ስልኳ፣ መድኃኒቷና መብራት ሲጠፋ የምታበራት ባትሪ አብረዋት ይዞራሉ። ጄሪካኖቹ በረንዳ ወጡ፣ ምንጣፉ ተጠቀለለ። መታጠቢያ ቤት የፕላስቲክ ወንበር ገባ፤ እግሩ የታሰረበት ጀሶ ውኃ እንዳይነካው በፌስታል ተጠቅልሎ፣ እግሩ ከውኃው ውጪ ሌላ በርጩማ ላይ ተሰቅሎ ነው የሚታጠቡት። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ያለው ቤት ግን መቀመጫ ያለው የሽንት ወንበር ካላዘጋጀ አይሆንም፤ በአንድ እግር ቁጢጥ ማለት የማይሞከር ነው።

አሁን ስለ ሕመሙ ላውጋችሁ። እህቴ ከሆስፒታል ስትወጣ እግሯ በማደንዘዣ ደንዝዞ ስለነበር «ይኼ ነው እንዴ ያስፈራኝ?» ብላ ስቃለች። ማደንዘዣው ሲለቅ ግን ሕመሙ በአንዴ ይመጣል። ኪኒኑ ገና ሳያም፣ ድንዛዜው ሳይለቅ፣ በታዘዘው ሰዓት መጀመር አለበት፤ አንዴ ካመለጠ ማሳደዱ ከባድ ነው። ጠንካሮቹ ማስታገሻዎች ሆድ ያደርቃሉ፤ እኛ ብዙ ውኃና ተልባ ረድቶናል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቁ ከመድኃኒት ቤት አይገዙም፤ የአጥንቱን መጣበቅ ሊያዘገዩ ስለሚችሉ የሚከለክሉ ሐኪሞች አሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እግሩ ከልብ ከፍታ በላይ ተሰቅሎ መዋል አለበት። ትራስ ደርድረን ከባቷ ሥር እናስገባለን፤ ተረከዙ ምንም እንዳይነካ ባዶ ላይ ይቀራል። ለሽንት ወርዳ ስትመለስ ጣቶቿ ተነፍተው ጠቁረው አያለሁ፤ ሲሰቀሉ ቀስ እያሉ ይመለሳሉ። ያ እብጠት ካልወረደ ስፌቱ በቀላሉ አይድንም። ባት ጠጠር ብሎ ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ነገሩ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ነገን ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ያላሰብነው ጠያቂን ነበር። ገና በሁለተኛው ቀን የጎረቤታችን እናት «እግዜር ይማርሽ ልጄ» እያሉ ሲገቡ፣ እህቴ እግሯን ከትራሱ አውርዳ ብድግ ልትል ስትል ደረስኩባት። «እትዬ! ተቀመጪ!» ብዬ ጮህኩ። ለትልቅ ሰው የመነሣት ልማድ አጥንት ውስጥ የገባ ነው፤ ሐኪም እንዳትረግጪ ስላለ ብቻ አይተውም። ከዚያ በኋላ ወንበሮቹን አልጋው አጠገብ ደረደርን፤ ለሚመጣ ሁሉ አስቀድሜ በስልክ እነግር ጀመር፤ እኚያው የጎረቤታችን እናት ራሳቸው ሌላ እንግዳ ሲገባ «ትቀመጥ፣ እንዳትነሣ» የሚሉ ሆኑ። ቡናው አልቀረም፣ ቄጠማው ግን ቀረ፤ እርጥብ ሣር ላይ ክራንች እንደ ሳሙና ነው የሚሄደው። «ጀሶው ሲወልቅ ወጌሻ ያሽልሽ» ያሏትም ነበሩ። ወጌሻ የሚያውቀውን ያውቃል፤ በብሎን የተያዘ አጥንት ግን አይታሽም።

ደረጃውን ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ ክራንቹ ከታማሚው እግር ጋር። ሦስት ፎቅ በዚህ መንገድ መውጣት ግን ለእህቴ አልሆነላትም። ከሆስፒታል የተመለሰች ዕለት ጀርባዋን ለደረጃው ሰጥታ ተቀመጠች፤ በሁለት እጇና በጤነኛ እግሯ እየገፋች አንድ አንድ እርከን በቂጧ ወጣች፤ እኔ ጀሶውን ከፍ አድርጌ ይዤ ተከተልኳት። መጀመሪያ ጎረቤት እንዳያያት አፍራ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስታርፍ የአንዱ ቤት ልጅ ትራስ አምጥቶ ሰጣት።

ስፌቱ በሁለተኛው ሳምንት ወጣ። በስምንተኛው ሳምንት ራጁን ያዩት ሐኪም በቡት ጫማ ቀስ በቀስ እንድትረግጥ ፈቀዱላት። እብጠቱ እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል ብለዋታል፤ ክራንቹንም ገና አልጣለችም። ውኃ ሲመጣ ጄሪካኖቹን የምሞላው አሁንም በረንዳ ላይ ነው።