የቦሎቄ ዙረት

አንዳንዱ የቦሎቄ ዝርያ ቁጥቋጦ ሆኖ ባለበት ይቀራል፤ ሌላው ግን ጥቂት ቅጠል እንዳወጣ ጫፉን መዝዞ ድጋፍ ፍለጋ ይነሣል። ዓይን የለው፤ ያለው ዘዴ መዞር ብቻ ነው። የጫፉ አንድ ጎን ከሌላው ፈጥኖ ሲያድግ ጫፉ ወደ ዘገየው ጎን ያዘነብላል። የሚፈጥነው ጎን በየተራ ስለሚቀያየር ጫፉ አየር ላይ ክብ እየሠራ ይዞራል። አንዱ ዙር ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል።

እንጨት ሲገጥመው የነካው ክፍል ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን መዞሩን አያቋርጥም። እንግዲህ መጠምጠም ማለት ይኸው ነው፤ መሰናክል ያጋጠመው ዙረት።

ቻርለስ ዳርዊን ይህን ያጠናው ታሞ ከክፍሉ መውጣት ባቃተው ጊዜ ነበር። በማሰሮ የተተከለ ሆፕስ አጠገቡ አስቀምጦ ሌት ተቀን ሲመለከተው፣ በሞቃት ቀን አንዱን ዙር በአማካይ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ሲጨርስ አገኘው። ጥናቱንም በ1865 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሳተመ። (ሆፕስ ፈረንጅ ቢራ የሚያመርርበት ተክል ነው፤ የእኛ ጌሾ ግን ራሱን ችሎ የሚቆም ቁጥቋጦ ነው፤ በሥራ እንጂ በዘር አይገናኙም።)

የሆፕስን ግንድ በጣት ሲያሹት ይሻክራል፤ መንጠቆ መሰል ጠንካራ ጸጉር አለበትና። እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። ይሁንና መንጠቆም ቢሆን ወፍራም ዋርካ ላይ አያወጣም፤ ጫፉ ዞሮ ሊያቅፈው የሚችለው ቀጭን ድጋፍ ብቻ ነው። የበቆሎ አገዳ ለቦሎቄ ልክ የሚሆነው ለዚህ ነው። በሐረርጌ ገበሬው በቆሎና ማሽላ መሐል ቦሎቄ ሲዘራ፣ ዝርያው የሚጠመጠም ከሆነ ድጋፍ ፍለጋ አይደክምም።

አማርኛ ድጋፍ ይዞ የሚወጣውን ተክል ሁሉ «ሐረግ» ብሎ ይጠራዋል፤ የዘር ቆጠራውንም፣ በብራና መጻሕፍት ገጽ ላይ የሚጠላለፈውን ጌጥም እንዲሁ። ስሙ ግን አመሉን አይለይም። ዱባና ቅል አበቃቀላቸው ለየቅል ነው ቢባልም ሁለቱም የሚይዙት በግንዳቸው ሳይሆን በክር መሰል መያዣ ነው። በገዛ ግንዱ የሚጠመጠመው ቦሎቄ የእነሱ ወገን አይደለም።

ሌላው ጉድ አቅጣጫው ነው። ከላይ ሲያዩት ቦሎቄ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ይዞራል፣ ሆፕስ ደግሞ ከሰዓት ቆጣሪ ጋር። ከምድር ወገብ በላይም ሆነ በታች ቢተከሉ አይለወጡም። የተጠራጠረ በጓሮው ያለውን ቦሎቄ ጫፉን ፈትቶ በተቃራኒው አቅጣጫ ይጠምጥመው፤ አዲሱ እድገት ተመልሶ በራሱ አቅጣጫ ሲዞር ያየዋል።