በከሰል መታፈን (የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ)፦ ምልክቶቹ፣ የመጀመሪያ እርዳታውና ሕክምናው

በመካነ ሰላም፣ በከላላ፣ በወግዲና በሳይንት ደጋማ ቀበሌዎች ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የሌሊት ብርድ ከባድ ነው። ቡና የተፈላበትን የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ አስጠግቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ የሚተኛ ቤተሰብ አለ። አራስ ያለችበት ቤት፣ ከገጠር መጥተው አንዲት ክፍል የተከራዩ ተማሪዎችም ለዚህ ይጋለጣሉ። በዚህ መንገድ የሚመጣ መታፈን ቶሎ ከታወቀ ይድናል፤ ከዘገየ ግን ይገድላል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ምንድን ነው?

ከሰል፣ እንጨት፣ ኩበት ወይም የጄኔሬተር ነዳጅ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ የሚወጣ ጋዝ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። ብዙ ሰው "ፍም ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል፣ አሁን አይጎዳም" ብሎ ያስባል። ጋዙ ግን ጭስ ከሌለው ፍምም ይወጣል። ወደ ሳንባ ሲገባ፣ ኦክስጅን በሚሸከመው የደም ክፍል (ሄሞግሎቢን) ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ሰውየው እየተነፈሰም አንጎሉና ልቡ ኦክስጅን ያጣሉ። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ጉዳቱ ይከብዳል።

ምልክቶቹ

• ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ
• የጉልበት መክዳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም
• ግራ መጋባት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት

እነዚህ ጉንፋን፣ ምች ወይም የምግብ መመረዝ ሊመስሉ ይችላሉ። በአንድ ቤት ያደሩ ሰዎች አብረው ከታመሙ፣ ትኩሳት ከሌላቸውና ውጭ ሲወጡ ሻል ካላቸው ከሰሉን ይጠርጥሩ።

ወዲያውኑ ምን ያድርጉ?

1. በርና መስኮት ከፍተው ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጡ። እርስዎም ውስጥ አይቆዩ።
2. ራሱን የሳተ ሰው እየተነፈሰ ከሆነ በጎኑ ያስተኙት። ካልተነፈሰ የሠለጠነ ሰው ደረቱን እየተጫነ ትንፋሽ ይስጠው።
3. ወተት ወይም ሎሚ አያጠጡ። ጋዙን ከደም አያወጡም፤ ራሱን የሳተ ሰው ደግሞ ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል።
4. የወረዳውን አምቡላንስ ይጥሩ፤ ከዘገየ በተገኘው መኪና ይሂዱ። የተሻለው የሚመስልም ቢሆን በዚያ ቤት ያደረ ሁሉ ይመርመር።

በሆስፒታል ምን ይደረጋል?

ዋናው ሕክምና ኦክስጅን ነው። በተራ አየር ብቻ በደም ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በጭምብል በሚሰጥ ንጹሕ ኦክስጅን ግን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ስለዚህ ታማሚው "ተሽሎኛል" ቢልም ሐኪሙ ሳይፈቅድ ጭምብሉን እንዳያወልቅ ያግዙት።

ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ሕመም ያሳስታል። ጋዙን ከኦክስጅን ስለማይለይ 98 በመቶ እያሳየ ሰውየው በአደጋ ላይ ሊሆን ይችላል። ጋዙን የሚለካው የደም ምርመራ ደግሞ በብዙ ሆስፒታሎች የለም። በሽታው የሚታወቀው በአብዛኛው እርስዎ በሚናገሩት ነው። ሳይጠየቁም ይንገሩ፦ ከሰል ቤት ውስጥ እንደነበር፣ ስንት ሰዓት እንደቆዩ፣ ስንት ሰው እንደታመመ፣ ራሱን የሳተ እንደነበር። ነፍሰ ጡር ካለች ቀድመው ይናገሩ። ጋዙ ከጽንሱ ደም የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ኦክስጅኑ ለረጅም ጊዜ ያስፈልጋታል።

ከቤት ከተመለሱ በኋላ

ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የመርሳት፣ የጠባይ መለወጥ፣ የአረማመድ መዛባት ወይም ሽንት አለመቆጣጠር ሊመጣ ይችላል። ይህ ከታየ ወደ ሐኪም ይመለሱ።

መከላከያው

ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ ፍሙን ማስገባት አያድንም፤ መስኮት ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም። ቤቱን በምሽት ቢያሞቁ እንኳ፣ ከመተኛትዎ በፊት ምድጃውን ከነፍሙ ከቤት ያውጡ። ለሌሊቱ ጋቢና ብርድ ልብስ ይደርቡ። ለአራስና ለሕፃንም ደንቡ ይኸው ነው።