ከፋብሪካ እስከ ቀበሌ፦ የመንግሥትና የግል አጋርነት በትራኮማ መከላከል

ትራኮማ ደጋግሞ ያጠቃው ዓይን ቆቡ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይወጋል። በወረኢሉ፣ በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋ በዚህ የሚሠቃዩ እናቶች የሚወጋቸውን ፀጉር በወረንጦ ያስነቅላሉ፤ ፀጉሩ ግን መልሶ ይበቅላል፤ ውሎ አድሮም ብርሃናቸውን ይነሣቸዋል። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህን ሸክም መንግሥት ብቻውን የሚወጣው አልነበረም።

የመንግሥትና የግል አጋርነት በጤናው ዘርፍ ብዙ መልክ አለው። አንደኛው የመድኃኒት ልገሳ ነው፤ መርክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1987 ለኦንኮሰርኪያሲስ (ለወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት) የሚሆነውን ሜክቲዛን የተባለ መድኃኒት አስፈላጊ እስከሆነ ድረስ በነፃ ሊሰጥ ቃል ገባ። ሁለተኛው የጋራ ፈንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የተቋቋመው የክትባት ጥምረት ጋቪ መንግሥታትን፣ ለጋሾችንና ክትባት አምራቾችን በአንድ ቦርድ አስቀመጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ግሎባል ፈንድ ለኤችአይቪ፣ ለቲቢና ለወባ ተቋቋመ። ሦስተኛው የአገር ውስጥ ውል ነው፤ የግል ክሊኒኮቻችን መንግሥት በሚያቀርብላቸው መድኃኒት የቲቢ ሕሙማንን ያክማሉ፤ አዋጅ ቁጥር 1076/2010ም ለአጋርነት ፕሮጀክቶች ሕጋዊ መሠረት ጥሏል።

የትራኮማው ሥራ ከመጀመሪያው ወገን ይመደባል። ፋይዘር ከኤድና ማኮኔል ክላርክ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1998 ዓለም አቀፉን የትራኮማ ኢኒሺዬቲቭ አቋቋመ፤ በዚሁ በኩል ዚትሮማክስ የተባለውን አንቲባዮቲክ በነፃ ይሰጣል። በክልላችን ጤና ቢሮ፣ ካርተር ሴንተርና ላየንስ ክለብ ተቀናጅተው በኅዳር 2001 ዓ.ም. ማልትራ የተባለውን የወባና የትራኮማ ሳምንት ጀመሩ። መጀመሪያ ምዕራቡ የክልሉ ክፍል ተዳረሰ፤ ደቡብ ወሎ ያለበት ምሥራቁ ተከተለ። በዘመቻው ቀን ሚዛን አያስፈልግም፤ ሰው ምልክት ካለበት ዘንግ አጠገብ ይቆምና ቁመቱ የክኒኑን ብዛት ይወስናል። ለትንንሽ ልጆች ሽሮፕ፣ ስድስት ወር ላልሞላቸው ደግሞ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣል። ከፋብሪካ የተነሣውን መድኃኒት በየጎጡ የሚያደርሱት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የመንደር በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ይሁንና የዓለም ጤና ድርጅት ስልት አራት ክፍል አለው፦ የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና፣ አንቲባዮቲክ፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕና። ከአራቱ በካርቶን ታሽጎ የሚላከው አንዱ ብቻ ነው። ጋና በ2018፣ ማላዊ በ2022 እ.ኤ.አ. በሽታውን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን አውጥተዋል፤ በአማራ ክልል ግን ከዓመታት እደላ በኋላም በርካታ ወረዳዎች ንቁ ትራኮማ ያለባቸውን ሕፃናት ድርሻ ከ5 በመቶው መለኪያ በታች ማውረድ አልቻሉም። ኮቪድና ጦርነትም ዘመቻዎችን አስተጓጉለዋል። በዋግ ኽምራ የተደረገ ጥናት ደግሞ ውኃ ማውጣትና ንጽሕና ማስተማር በሦስት ዓመት ውስጥ ብቻ የዓይን ኢንፌክሽኑን እንደማይቀንስ አሳይቷል። ይህ ውኃን የምንተውበት ምክንያት አይደለም፤ ከሦስት ዓመት የፕሮጀክት ዕድሜ የረዘመ ሥራ እንደሚጠይቅ እንጂ።

ልገሳው ሊመሰገን ይገባል። ግን የሚቀጥለው ስምምነት ሲፈረም ዞኑና ወረዳዎቹ ሊጠይቁ የሚገባቸው ነገር አለ፦ የዓይን ቆብ ቀዶ ሐኪሙን ወደ ገጠር የሚያደርሰው መኪናና ነዳጅ ከማን ይመጣል? የተበላሸ የውኃ ፓምፕ በማን በጀት ይጠገናል? ለጋሹ ሲወጣ ሥራውን ማን ይረከባል? የክኒኑ ቁጥር በውል እንደሚሰፍር ሁሉ የእነዚህም መልስ በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል።