ነጩ ቦሎቄ በኮልፌ ማጀት

ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና ባሉት የኮልፌ ቀራኒዮ ሰፈሮች፣ ምሳ ሰዓት ላይ ከየማጀቱ የሚወጣው ሽታ በአብዛኛው የሽሮ፣ የምስር ወይም የአተር ክክ ነው። ቦሎቄ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ከስንዴና ከሽንብራ ጋር ተቀላቅሎ ንፍሮ ውስጥ ነው። ደቡብ ተወልዶ ያደገ ሰው ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ ከበቆሎ ጋር ተቀቅሎ ይቀርባል። ራሱን የቻለ ምግብ ሆኖ፣ ቤተሰቡ አንድ ትሪ ከቦ የሚበላው ቦሎቄ ግን ከተማችን ውስጥ ገና በቅጡ አልታወቀም። ዛሬ ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው፦ በቲማቲምና በሽንኩርት ስጎ ተለውሶ፣ ከላይ የዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ ኦቨን ውስጥ የሚበስለውን ቦሎቄ። ለጾም ይሆናል፣ ርካሽ ነው፣ ብዙ ሰውም ያጠግባል።

ነጩ ቦሎቄ ባዳ አይደለም። ከአዳማ ተነስቶ ወደ ዝዋይና ሻሸመኔ የሚወርደው የስምጥ ሸለቆ ገበሬ በክረምቱ መግቢያ ዘርቶ በሦስት ወር ገደማ ያደርሰዋል። ዝናብ ቶሎ ለሚያቋርጥበት አገር እንዲህ ፈጥኖ የሚደርስ ሰብል ትልቅ ነገር ነው። ከአዳማ ወጣ ብሎ የሚገኘው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዓመታት የደከመበት ሰብልም ነው፤ ሜክሲካን 142 እና አዋሽ 1 የተባሉት ነጫጭ ዝርያዎች በገበሬውም በነጋዴውም ዘንድ ስም አላቸው። ፎሶሊያ እያልን ከካሮት ጋር የምንጠብሰው አረንጓዴ እሸትም የዚሁ ተክል ነው፣ በለጋነቱ የተቀጠፈ።

ነገር ግን ነጩ ፍሬ በአብዛኛው የሚመረተው ለውጭ ገበያ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከቡናና ከሰሊጥ ጋር ያገበያየዋል፤ ተበጥሮና በእጅ ተለቅሞ ወደ አውሮፓና ወደ ሌላውም ዓለም ይሄድና የጣሳ ፋብሪካ ይገባል። እንግሊዞች በቲማቲም ስጎ የታሸገ ቦሎቄ ቁርስ ላይ በተጠበሰ ዳቦ ይበላሉ፤ የሄንዝ ጣሳ ለንደን ውስጥ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ከዚያ ቀደም ብሎም የአሜሪካዋ ቦስተን ሰዎች ቦሎቄውን ከሞላሰስና ከአሳማ ሥጋ ጋር በሸክላ ማሰሮ አድርገው ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ውስጥ ያሳድሩት ነበር። ጥሬው መርካቶ እህል በረንዳ በኪሎ እየተመዘነ ሲሸጥ፣ እኛ ከሱፐርማርኬት የውጭ ጣሳ በውድ ስንገዛ ማየት ያሳዝነኛል። ጣሳው ውስጥ ያለው ነገር እኮ ቤት የማይሠራ አይደለም።

ቦሎቄን ከማጀታችን ያራቀው አንዱ ምክንያት አልበስል ማለቱ ይመስለኛል፤ ለዚህም ጥፋቱ ሁሉ የፍሬው አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ድስቱ የቱንም ያህል ቢንተከተክ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ በውጭ አገር መጽሐፍ ላይ «አንድ ሰዓት» የተባለው ኮልፌ ላይ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቢወስድ አይግረማችሁ። ፕሬሸር ድስት ያለው ቤት በዚህ ረገድ ታድሏል፦ የታመቀው እንፋሎት ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው ተዘፍዝፎ ያደረ ቦሎቄ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለሰልሳል።

ሁለተኛው ምክንያት አገዛዛችን ነው። የዘንድሮና የአምና እህል ከተቀላቀለ ግማሹ ፈርሶ ሲያልቅ ግማሹ ድንጋይ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ እፍኝ ዘግናችሁ እዩት፦ መልኩ አንድ ዓይነት፣ ቆዳው ያልተሸበሸበ፣ ነቀዝ ያልበሳው ይሁን።

ለስድስት ሰው ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ተለቅሞና ታጥቦ፣ ጥቂት ጨው በተጨመረበት ብዙ ውሃ ተዘፍዝፎ ይደር። ጠዋት ውሃው ይደፋ፤ ሆድ የሚነፋው ነገር በከፊል አብሮ ይሄዳል። በአዲስ ውሃ ተጥዶ መጀመሪያ በኃይል ይፍላ። ይህን አደራ የምለው በምክንያት ነው። ጥሬ ቦሎቄ፣ በተለይ ቀዩ፣ ሆድ የሚያውክ መርዛም ንጥረ ነገር አለው፤ አራት አምስት ጥሬ ፍሬ እንኳ ሊያስመልስ ይችላል። ይህን ነገር የሚያጠፋው ጠንካራ ፍላት ነው። ለብ ባለ እሳት ላይ ለረጅም ሰዓት መተው አያጠፋውም። በእኛ ከፍታ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሲንተከተክ ከቆየ በኋላ እሳቱ ይቀነስና እስኪለሰልስ ይቀቀል። መድረሱን ለማወቅ ጥቂት ፍሬ በማንኪያ አውጥታችሁ እፍ በሉበት፤ ቆዳው ተሰንጥቆ ከተገለበጠ ቀርቧል። ከዚያ አንዱን በሁለት ጣት ጨምቁት፤ መሃሉ ላይ ጠጣር ነገር ካልተሰማችሁ ደርሷል።

ቲማቲም፣ ሳልሳ ወይም ሎሚ ከዚህ በፊት ፈጽሞ አይግባ። ኮምጣጣ ነገር ቆዳውን ያጠነክረዋል፤ አንዴ ከጠነከረ ቀኑን ሙሉ ቢቀቀል አይበገርም። ብዙ ሰው በቦሎቄ የሚማረረው እዚህች ላይ ተሳስቶ ነው።

ስጎው ለማንኛዋም የአዲስ አበባ እናት አዲስ አይደለም። አራት ራስ ሽንኩርት ተከትፎ በዘይት እስኪወረዛ ይቁላላ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ሦስት የተፈጨ ቲማቲምና ሁለት ማንኪያ ሳልሳ ይከተሉ። ልጆች ካሉ በርበሬው ይቀነስና ግማሽ ማንኪያ ስኳር ይግባ። ከቦሎቄው ጋር ሲቀላቀል የተቀቀለበት ውሃ አብሮ ይጨመር፤ ኦቨን ውስጥ ስለሚመጥ ሾርባ እስኪመስል ቢቀጥን ችግር የለውም። ኮረሪማ የሚወድ ቆንጠር ያድርግበት። እኔ ግን ጦስኝ አስበልጣለሁ፤ ከቲማቲም ጋር ሲጋገር የሚሰጠውን ሽታ ሌላ ቅመም አይሰጥም። ትሪው ላይ ከፈሰሰ በኋላ የትናንት ደረቅ ዳቦ በእጅ ተፈርፍሮ፣ በዘይት ታሽቶ ይነስነስበት። በ180 ዲግሪ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ፣ ዳሩ እስኪንተከተክና ፍርፋሪው ወርቃማ ሆኖ እስኪንኮሻኮሽ ይቆይ። ፍስክ ከሆነ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ ጥቂት እንቁላል ሰብሮ ማሳረፍ ይቻላል።

ኦቨን የሌለው ቤት አይቀርበትም። ድፎ ዳቦ ስንጋግር ከላይም ከታችም እሳት እናደርግ የለ? በከሰል ምድጃ ላይ የተጣደ ወፍራም ድስት፣ ክዳኑ ላይ ጥቂት ፍም ተደርጎበት ያንኑ ሥራ ይሠራል። መብራት በጠፋበት ቀን ጭምር።

ደረቅ ቦሎቄ ከመቶ እጅ ሃያው ያህል ፕሮቲን ነው። ጤፍና ስንዴ የሚያጥራቸውን ላይሲን እሱ ስለሚያሟላ፣ በእንጀራ ወይም በዳቦ ሲበላ ሥጋ ባልገባበት ቤት ለሚያድግ ልጅ ትልቅ ድጋፍ ነው። ብረት ማዕድንም አለው፤ ገበታ ላይ ሎሚ ቢጨመቅበት ሰውነት ብረቱን በተሻለ ይወስደዋል፤ ሻይና ቡና ግን ስለሚከለክሉ ከምግቡ ራቅ ብለው ቢጠጡ ይመረጣል። የተረፈው በማግስቱ ስጎው ጠብቆ ጣዕሙ ይጨምራል። ጠዋት ውሃ ጠብ ተደርጎበት በደንብ ከሞቀ በኋላ ዳቦ መሃል ገብቶ የተማሪ ምሳ ዕቃ ይሞላል፤ ስጎው ስለጠበቀ ደብተር ላይ አይፈስም።